ባዶ የሚዞረው መሪ፦ የአንዲት አሮጌ ላዳ ጉዳይ በጎንደር

ነገሩን ያወቅኩት ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ላዳዋ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ጠርዝ ስታዘነብል መሪውን ጥቂት ወደ ግራ መለስኩ። ምንም አልሆነም። ጥቂት ጨመርኩ፤ አሁንም ምንም። ሦስተኛው ላይ የሰጠኋትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቀበለችና ወደ ግራ ዘለለች። ከፊት ለፊት ይመጣ የነበረ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ በጥቂት ክንድ ርቀት አለፈን። ከኋላ የተቀመጠችው እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «አንተ ልጅ፣ ቀምሰህ ነው እንዴ የወጣኸው?» አለችኝ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። ላዳ 2107 ናት፤ በ1978 ዓ.ም. እጁ የገባች፣ ቀለሟ ሁለት ጊዜ የተቀየረ፣ ሞተሯ አንድ ጊዜ የተፈታ። መሪዋ ያለ ምንም ኃይል ሰጪ እገዛ በክንድ ጉልበት ብቻ የሚዞር ነው። አባቴ ቆማ ሳለች መሪዋን እስከ ጥግ ማዞር ይወድ ነበር፤ ጠባብ ግቢ ውስጥ ስለሚያቆማት ሌላ ምርጫም አልነበረውም። ይህችን ልማድ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሙያዬ መኪና መጠገን ባይሆንም መለካት ነውና እቤት እንደደረስኩ ለካሁ። አንድ ቀጭን ሽቦ ዳሽቦርዱ ላይ በፕላስተር አጣብቄ ጫፉን ከመሪው ክብ ጎን አስጠጋሁ። የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርጌ፣ ጎማው መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ መሪውን በአንድ ጣት ወደ ግራ ገፋሁና በጠመኔ ምልክት አደረግሁ፤ ወደ ቀኝም እንዲሁ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል 60 ሚሊ ሜትር ነበር። የዚህች መኪና መመሪያ የሚፈቅደው አምስት ዲግሪ ነው፤ በመሪው ክብ ላይ ሲለካ 18 ወይም 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እኔ ሦስት እጥፍ ባዶ እያዞርኩ እናቴን ወደ አዘዞ እወስድ ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ጉዳዩን በአሥር ደቂቃ ጨረሰው። ኮፈኑ ተከፈተ፤ ወጣቱ መካኒክ ከግራ በኩል የመሪውን ሳጥን አገኘ፤ በላዩ ላይ ያለውን መቆለፊያ ዳዶ ፈታና የማስተካከያውን ብሎን በካቻቢቴ አንድ ዙር ያህል አጠበቀው። «አለቀ፣ መምህር።» ስሞክረው መሪው በእርግጥ ጠበቅ ብሏል። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ።

ደስታዬ እስከሚቀጥለው አደባባይ ድረስ ቆየ። አደባባዩን ዞሬ ስወጣ መሪው እንደ ወትሮው በእጄ መሐል እየተንሸራተተ ወደ ቀጥታ አልተመለሰም። እኔው ጎትቼ መለስኩት። ያ ደግሞ ከፊተኛው የባሰ ነገር ነው፤ ላላ ያለ መሪ ቢያንስ የት እንዳለ ያስታውቃል፣ የማይመለስ መሪ ግን ካላሰቡት ቦታ ይወስዳል። እቤት ስለካው ደግሞ ባዶው ዙረት 45 ሚሊ ሜትር ነበር። ግማሽ መፍትሔ እንኳ አልነበረም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማየት የሳጥኑን ሆድ ማወቅ ያስፈልጋል። በውስጡ ከመሪው ዘንግ ጋር የሚዞር፣ ወገቡ ቀጠን ያለ ጥምዝምዝ ትል አለ። በትሉ ጥርሶች መካከል አንድ ሮለር ይንከባለላል፤ ሮለሩ የተያያዘበት ዘንግ ከሳጥኑ በታች ያለውን ክንድ ያንቀሳቅሳል። ሰው ቀጥ ብሎ ሲነዳ የሚሠራው የትሉ መሐል ብቻ ነው። ስለዚህ ዓመታት ሲያልፉ የሚበላው መሐሉ ነው፤ ዳርና ዳሩ እንደ አዲስ ይቀራል። ከላይ ያለው ብሎን ሮለሩን ወደ ትሉ ይገፋዋል። የተበላውን መሐል እስኪነካ ድረስ ከገፉት ያልተበላው ዳር ላይ ሲደርስ ይነክሳል። የፊት ጎማዎቹ ካስተር በሚባለው ዝንባሌያቸው ምክንያት ራሳቸውን ወደ ቀጥታ ሊመልሱ ይፈልጋሉ፤ የነከሰ ሳጥን ግን አይለቃቸውም። እንግዲህ ብሎኑ ማስተካከያ የሆነውን ያህል ማበላሻም ነው። ሁሉም በእርሱ የሚጀምረው ከላይ ስለሚገኝና ልብስ ስለማያቆሽሽ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ቦታ የጎማ አሰላለፍ የሚሠራበት ነበር። መኪናዋን መሣሪያው ላይ አወጧት፣ ቁጥሮች ታዩ፣ የጎን ዘንጎቹ ተስተካከሉ፣ ወረቀት ተሰጠኝ። መገጣጠሚያዎቹን በእጁ የነካ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ጠዋት እንደዚያው ነበረች። የላላ መገጣጠሚያ ያለውን መኪና አሰላለፍ ማስተካከል የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ሚዛን አስቀምጦ እንደመመዘን ነው፤ ቁጥሩ ትክክል የሚሆነው ለዚያች ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህኛው ከዚህ በላይ አልልም።

ሦስተኛውን ሰው የነገረኝ የሰፈራችን ጎሚስታ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ በመካኒክነት የኖሩ፣ ጋራዣቸው ሁለት መኪና ብቻ የሚይዝ፣ ከመሐሉ አንድ ጉድጓድ የተቆፈረበት ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እርሳቸው ደግሞ መምህር መሆኔን ከሰሙ ጀምሮ «የኔታ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ሲያወሩ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ ይላሉ፤ በኅዳር 1934 ዓ.ም. የመጨረሻው ትልቅ የጣሊያን ጦር እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሰጥቶ ሲሄድ ቃላቱን ለጋራዦቻችን ትቶ ነው የሄደው። ለላዳ ሲሆን ግን ቃላቱ ባዕድ አይደሉም። የላዳ ዘር የተመዘዘው ከጣሊያኑ ፊያት 124 ነው፤ ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ቮልጋ ዳር በምትገኘው ቶልያቲ ማምረት ሲጀምሩ መሠረቱን ከዚያ ነው የወሰዱት። በቱሪን የታሰበ፣ በቮልጋ የተሠራ መሪ በጎንደር በጣሊያንኛ ቃል ሲፈታ አንድ ነገር የገጠመ ይመስላል።

ጋሼ መኪናዋን ከመንካታቸው በፊት ጠየቁኝ።

«ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ወገን ትጎትትሃለች?»

«አይ፣ ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው።»

«ስትፈጥን መሪው እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል?»

«አይንቀጠቀጥም።»

«ኮብልስቶን ላይስ?»

ኮብልስቶን ላይ ቋ ቋ የሚል ድምፅ እንዳለ፣ ቆማ ሳለች መሪውን ሳዞርም አንድ ጊዜ ቋ እንደሚል፣ ከአደባባይ ስወጣም እንደማይመለስ ነገርኳቸው። የመጨረሻውን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። «ማን ነው ብሎኑን ያጠበቀው?» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ ኮፈኑን ከፈቱ።

ጥያቄዎቹ እንደ ዋዛ ቢመስሉም ግማሹን ሥራ ሠርተዋል። ፍሬን ላይ አለመጎተቷ ፍሬኑን ከተጠርጣሪዎች አወጣው። አለመንቀጥቀጧ የጎማ ባላንስን አወጣ። የቋ ቋ ድምፁ ደግሞ አንድ ብረት ሌላውን የሚመታበት ክፍተት እንዳለ ይናገራል፤ የተበላ ትል ብቻውን እንደዚያ አይጮኽም።

መጀመሪያ ብሎኑን ወደ ነበረበት መለሱት። ባዶው ዙረት ወደ 60 ተመለሰ፤ መሪው ግን ከመዞሪያ ራሱን መመለስ ጀመረ። «አሁን በሽታው እንደነበረው ሆነ። በላዩ ላይ የተጨመረውን በሽታ አወረድንለት» አሉ። ከዚያ የጎማ ንፋስ። የፊት ግራው 32፣ የፊት ቀኙ 19 ፒ.ኤስ.አይ. ነበር። የእኔ ስንፍና ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ለዚህች መኪና ጎማ ከፊት 24፣ ከኋላ 28 ገደማ ይበቃል። ሁለቱን የፊት ጎማዎች እኩል ሲያደርጓቸው ወደ ቀኝ መሳቧ ቀነሰ፤ የቀረችው ትንሽ ዝንባሌ መንገዱ ለዝናብ ውኃ ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ስለተሠራ የምትመጣ ናት። ባዶው ዙረት ግን ንፋስ አይሰማም፤ 60 ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለሁለት ሰው ነው። መኪናዋ በራሷ ጎማዎች ላይ እንደቆመች ጉድጓዱ ላይ ተቀመጠች። በክሪክ አልተነሣችም፤ መገጣጠሚያዎቹ የሚመረመሩት የመኪናውን ክብደት ተሸክመው ሳለ ነው። እኔ መሪውን ያዝኩ፤ ጋሼ ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። የእኔ ሥራ መሪውን በዚያች ባዶ ክልል ውስጥ ብቻ ግራ ቀኝ ማወዛወዝ ነው፤ ሳላቋርጥ፣ ሳላበዛ። የእርሳቸው ሥራ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በመዳፋቸው መጨበጥ ነው፤ ግማሹ መዳፍ አንዱን ዘንግ፣ ግማሹ ሌላውን እንዲነካ አድርገው። ሁለቱ ብረቶች አብረው ከሄዱ መገጣጠሚያው ደህና ነው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ከዘገየ፣ ዓይን ባያየውም መዳፍ ይቆጥረዋል።

ላዳ ላይ እንዲህ ያሉ የኳስ መገጣጠሚያዎች ስድስት ናቸው። ከመሪው ሳጥን በታች ያለው ክንድ የመሐሉን ረጅም ዘንግ ይጎትታል። የዚያ ዘንግ ሌላው ጫፍ በቀኝ በኩል አይድለር በሚባል ረዳት ክንድ ይያዛል። ከእነዚህ ሁለት ክንዶች ሁለት የጎን ዘንጎች፣ ታይሮድ የሚባሉት፣ ወደ ጎማዎቹ ይሄዳሉ። ጋሼ ከግራ ጎማ ጀመሩና «ደህና» እያሉ ተራ በተራ አለፉ። አራተኛው ላይ ዝም አሉ፤ ጨብጠው ቆዩ፤ «ደህና» አሉ። አይድለሩ ላይ ሲደርሱ «እህ» ብቻ አሉ።

ወርጄ እንዳየው ጠሩኝ፤ ረዳታቸው መሪውን ተቀበለኝ። አይድለሩ ግራ ቀኝ ብቻ ሊዞር ሲገባው እንደ ፈረስ ጭንቅላት ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቅ ነበር። ይህ ክንድ የሚዞረው በሁለት ቡሽንጎች፣ በአጫጭር የፕላስቲክ ቀለበቶች፣ ውስጥ ነው። ቡሽንጎቹ ሲያልቁ የመሐሉ ዘንግ ቀኝ ጫፍ የሚይዘው ያጣል፤ የቀኙ ጎማ እያንዳንዱ ድንጋይ በመታው ቁጥር አቅጣጫውን በጥቂቱ ይቀይራል። ያ ነው ኮብልስቶን ላይ የሚጮኸው፤ አስፋልት ላይ እንደ ሰካራም የሚያስኬደንም ቢያንስ በከፊል እርሱ ነው።

ከዚያ ጎማዎቹ በየተራ በክሪክ ተነሡ፤ ከሥር ጠንካራ የእንጨት ጉማጅ ገባ፤ ጋሼ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር እጃቸውን እንኳ አይሰዱም። ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዘው አወዛወዙ፤ ከዚያ ከላይና ከታች ይዘው። ከላይና ከታች ሲወዘወዝ የግራው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «ፍሬን ርገጥ» አሉኝ። ስረግጥ መንቀሳቀሱ ጠፋ። ፍሬን ተይዞ የሚጠፋ ከሆነ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው፤ ባይጠፋ ኖሮ የጎማውን ተሸካሚ ከመኪናዋ ክንዶች ጋር የሚያያይዘው የቦል ጆይንት ነገር ይሆን ነበር። ኩሽኔታውን አስተካከሉት፤ ጎማውን እያዞሩ ዳዶውን ጠበቅ፣ ከዚያ ላላ፣ እንደገና በቀላሉ ጠበቅ አድርገው በመጨረሻ የዙሩን አንድ አሥራ አምስተኛ ያህል መለሱት። ከመጠን በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ይቃጠላል።

የአይድለር ቡሽንግ ጎንደር ላይ አላገኘሁም። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ከመርካቶ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣው ዕቃ በአንድ መዳፍ ይያዛል። ጋሼ አይድለሩን ከሻንሲው በሁለት ብሎን ፈትተው አወጡ፤ የኳሶቹን 22 ቁጥር ዳዶዎች ለመፍታት መጀመሪያ ኮፒሊያዎቹን፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግዱትን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ነቀሉ፤ ያሮጌውን ኮፒሊያ ለሁለተኛ ጊዜ መጠቀም በእርሳቸው ቤት ነውር ነው። አዲሶቹን ቡሽንጎች ግራሶ ቀብተው ከተቱ። የአይድለሩ ዳዶ የሚጠብቀው ክንዱ ጫፉ ላይ ሲጎተት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ጉልበት እስኪጠይቅ ድረስ ነው። እዚህ ላይ እኔም ጠቀምኩ፤ ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ያመጣሁትን ባለሞላ ሚዛን ጫፉ ላይ ሰካነውና አንድ ተኩል ላይ አቆምነው። ጋሼ ሚዛኑን አገላብጠው አዩና፣ «እኔ በክንዴ ነበር የምመዝነው» አሉ፤ ቅሬታም አድናቆትም ሊሆን ይችላል።

በደስታ ለካሁ። 40 ሚሊ ሜትር።

ቋ ቋ የሚለው በከፊል ጠፍቷል፤ ከአደባባይ ትመለሳለች፤ ግን 40። ጋሼ ቡና አስመጡ። ረዳቱ «ሳጥኑ ራሱ አልቋል፣ ሌላ ይገዛ» አለ፤ ብዙ ሰው በዚህ ደረጃ ላይ የሚለው ይህንኑ ነው፤ እኔም ልስማማ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ጋሼ ግን የሳጥኑን ክንድ አዩ። እኔ መሪውን ሳንቀሳቅስ ክንዱ ከሳጥኑ ጋር ሲነጻጸር ቶሎ ይነሣል፤ አሥራ አምስትና ሃያ ሚሊ ሜትር ሳይሞላ። ትሉ ብዙም አልተበላም ማለት ነው። ክንዱ ቶሎ ተነሥቶ ጎማው ከዘገየ፣ በመካከላቸው ያለውም ዘንግ ሁሉ ደህና ከሆነ፣ የቀረው እንቅስቃሴ የት ገባ?

ወረቀት አወጣሁ። የዚህ ሳጥን የዙር ምጣኔ 16.4 ለ 1 ነው። የመሪው ክብ ስፋት 40 ሴንቲ ሜትር፣ ግማሹ 20። የጠፋብን 20 ሚሊ ሜትር በመሪው ላይ ስድስት ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለ16.4 ሲካፈል ከክንዱ ዘንግ ላይ የአንድ ዲግሪ ሲሶ አካባቢ ይቀራል። ክንዱ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በጫፉ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የምንፈልገው እንግዲህ ጉልህ ልልነት አይደለም፤ የሆነ ቦታ ላይ የጥፍር ውፍረት የማታህል እንቅስቃሴ ናት፤ እርሷ ናት መሪው ላይ አንድ ጣት የምታህለው። ቁጥሩን ስነግራቸው ጋሼ ሲኒውን አስቀመጡ።

«ሳጥኑ ራሱ ይሄዳል» አሉ።

ረዳቱ ብሎኖቹን ፈተሸ። ሳጥኑ በግራው ሻንሲ ላይ በሦስት ብሎን ነው የታሰረው፤ 17 ቁጥር ቁልፍ አስገብቶ ሦስቱንም ሞከረ። ጥብቅ ናቸው። እንዲያውም ጋሼ በሳጥኑና በሻንሲው መጋጠሚያ ላይ በእኔ ጠመኔ አንድ መስመር አሰመሩ፤ ሳጥኑ በሻንሲው ላይ ቢንሸራተት መስመሩ ይቆረጣል። መሪውን አወዛወዝኩ። መስመሩ እንደ ተሰመረ ቀረ። «አየህ ጋሼ፣ ንጹሕ ነው» አለ ረዳቱ።

እኔም እዚህ ላይ እጄን አጥፌ ነበር። ለሁለት ቀን ሁላችንም የጠየቅነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «የታሰረው ነገር ላልቷል ወይ?» የሚል። ጋሼ ሽቦ ፈለጉ፤ እኔ ዳሽቦርዱ ላይ ያጣበቅኩትን ዓይነት። አንዱን ጫፍ ከሻንሲው ራቅ ባለ፣ በጎማው መከለያ ላሜራ ላይ አሰሩት፤ ሌላውን ጫፍ የሳጥኑን ጎን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው አስጠጉት። «በቀስታ» አሉኝ። ወደ ግራ ስገፋ ክፍተቱ ሰፋ። ወደ ቀኝ ስገፋ ሽቦው ሳጥኑን ነካው። ሳጥኑም ሻንሲውም፣ የጠመኔው መስመርም ሳይቆረጥ፣ ሦስቱ አብረው ነበር የሚሄዱት። ለካ የላላ ነገር አልነበረም፤ የታሰረበት ብረት ራሱ ይንቀሳቀሳል።

ላዳ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። ሻንሲ የምንለው ከቦዲዋ ጋር አብሮ የተበየደ፣ ከታጠፈ ላሜራ የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ዘንግ ነው። የመሪው ሳጥን የታሰረበት ቦታ ላይ ይህ ላሜራ መሰንጠቅ የታወቀ የላዳ በሽታ ነው። በዚህችኛው ላይ ግን አይታይም ነበር፤ ከሳጥኑ ፓራኦሊዮ፣ ዘይት ከሚያግደው የላስቲክ ቀለበት፣ ለዓመታት ሲያልብ የኖረው ዘይት አቧራ ይዞ በላዩ ላይ እንደ ጥቁር ምርጊት ተለስኗል።

ረዳቱ ምርጊቱን በቢላዋ ፈቀፈቀ፤ በነጭ ጋዝና በሽቦ ብሩሽ አጠበ። ብረቱ ታየ፤ ስንጥቅ ግን አልታየም። ጋሼ ነጭ ጋዙን ደግመው በቡሩሽ አጠጡትና ጥቂት ጠብቀው በጨርቅ ደረቅ እስኪል ወለወሉት። «የኔታ፣ ጠመኔህን» አሉ። ሁለት እንጨት ጠመኔ ወረቀት ላይ ፈጭተን ዱቄቱን በብረቱ ላይ ነሰነስነው። ነጭ ሆነ። መሪውን እንዲያወዛውዝ ረዳቱን ላክንና እኔና እርሳቸው በእጅ ባትሪ ጎንበስ ብለን አየን።

መጀመሪያ ከኋለኛው ብሎን ሥር አንድ የረጠበ ነጥብ ወጣች። ከዚያ ነጥቧ ወደ ታች ተስባ ጸጉር የምታህል መስመር ሆነች። መሪው ግራ ቀኝ ባለ ቁጥር መስመሯ ጥቂት ትጠቁራለች፤ በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ እየተጨመቀ ይወጣና ጠመኔውን ያርሳል። እንደምትተነፍስ ነበር። በክፍል ውስጥ ፈሳሽ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እንዴት እንደሚሳብ ለተማሪዎች ስንት ጊዜ በዚያው ጠመኔ ጽፌያለሁ፤ በራሴ መኪና ላይ ሳየው ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለካነው፤ አራት ሴንቲ ሜትር።

ጋሼ ስንጥቁ ወደ ሻንሲው የታችኛው ጠርዝ ደርሶ ቢሆን ኖሮ እንደማይበይዱት፣ መኪናዋም በመጎተት እንጂ በራሷ ከጋራዣቸው እንደማትወጣ በግልጽ ነገሩኝ። አልደረሰም ነበር፤ ሁለት ጣት ይቀረዋል።

ሳጥኑ ወረደ። ባትሪው ተፈታ፤ ከአጠገቡ የሚያልፈው የፍሬን ቱቦ ተላቆ ወደ ጎን ታሰረ። በስንጥቁ ጫፍ ላይ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አንድ ቀዳዳ ተበሳ፤ ስንጥቅ ክብ ጠርዝ ላይ ሲደርስ የሚይዘው ስለት ያጣል፣ ከዚያ አያልፍም። ስንጥቁ በሞላ ተከፍቶ ሲጠራ አንድ ነገር አየን። ከላይ ያለው ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ፊቱ በዝገት ቡናማ ሆኗል፤ የታችኛው አንድ ሴንቲ ሜትር ግን እንደ አዲስ ቢላዋ ያበራል። አሮጌው ክፍል የአባቴ ዘመን ነው፤ ቆማ እያለች የምትዞረው መሪ ዓመት በዓመት የገፋው ይመስለኛል። የሚያበራው የቅርብ ጊዜ ነው። ሳጥኑ ነክሶ መሪው በከበደበት በዚያ ወር እኔ በሁለት እጄ እየጎተትኩ ስመልሰው ያ ሁሉ ጉልበት የሄደው ወደዚች ላሜራ ነበር። ብሎኑን ያጠበቀው ወጣት ለክፋት አላደረገውም፤ እኔም በደስታ ከፍዬዋለሁ።

ብየዳው አንድ ቀን ተኩል ወሰደ። ላሜራው ስስ ስለሆነ ቀጭን ኤሌክትሮድ፣ አጭር አጭር ነጥብ፣ በመሐል ማቀዝቀዝ። ከቀትር በኋላ መብራት ጠፍቶ እስከ ማታ አልመጣም። በማግሥቱ ስንጥቁ ተዘጋ፣ ተሞረደ፣ በላዩም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሦስቱንም የብሎን ቀዳዳዎች የሚሸፍን ላሜራ ተደርቦ ዙሪያውን ተበየደ። ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ቶርኖ ቤት ሄደው ሦስት አጫጭር ቱቦዎች አስቆረጡና ብሎኖቹ በሚያልፉበት የሻንሲው ባዶ ሆድ ውስጥ አስገቡ። ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ይሸከመዋል፤ ላሜራው አይጨመቅም። ጸረ ዝገት ቀለም ተቀባ። ሳጥኑ አዲስ ፓራኦሊዮ ገብቶለት ተመለሰ፤ የማርሽ ዘይት ሲሞላለት ሩብ ሊትር እንኳ አልፈጀም፤ ከዚያ በፊት ውስጡ የነበረው ግን ከአንድ ሲኒ አይበልጥም ነበር።

የፊት ጎማዎቹን አሰላለፍ ጋሼ በሲባጎና በሜትር ለጊዜው አስተካከሉ፤ የጎማዎቹ የፊት ጠርዝ ርቀት ከኋላ ጠርዙ በ3 ሚሊ ሜትር እንዲያንስ። በኋላ ወረቀት ወደሰጠኝ ቦታ ተመልሼ በመሣሪያ አስለካሁት። አሁን ቁጥሩ ትርጉም አለው።

መጨረሻ ላይ ስለካ 22 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሁለት ሚሊ ሜትር ትርፍ ስላየሁ ብሎኑን ጥቂት ጠበቅ እንዲያደርጉት ጠየቅኳቸው። ጋሼ መሪውን በጣታቸው ወደ ግራ ገፍተው፣ ወደ ቀኝ መልሰው ዝም አሉ። ከዚያ «አትንካው» አሉኝ። «አርባ ዓመት የሠራ ትል ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር አትንፈገው።»

ከዚያ ወዲህ አምስት ወር አልፏል። በየወሩ ኮፈኑን ከፍቼ ብየዳውን በጨርቅ እጠርገውና ጠመኔ እነሰንስበታለሁ፤ እስካሁን ደረቅ ነው። ቆማ ሳለች መሪዋን ማዞር ትቻለሁ፤ ግቢው ግን ያው ጠባቡ ግቢ ነውና ሦስት ጊዜ ወደ ፊት፣ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ እያልኩ አወጣታለሁ። እናቴ በመስኮት እያየችኝ፣ «አባትህ በአንዴ ነበር የሚያወጣት» ትለኛለች።